ሲስተር፣ ቢራ ብቀንስ ቦርጬ ይጠፋል?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ መጠጥና ስለ ኪሎ ናቸው። ጾሙ ተፈትቶ ሰርግ ሲጀመር ሁልጊዜም እንዲህ ነው። አራቱን መርጫለሁ። አንዱ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፣ አንዱ በጥቂት መስመር ያልቃል። የመጨረሻውን ግን ቤቱ ውስጥ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ያለበት ሁሉ እንዲያነበው እለምናለሁ።

ጥያቄ፦ «ሰላም ሲስተር። ዕድሜዬ 38 ነው፣ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሺምብጥ ነው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ነው፣ ኪሎዬ ደግሞ 91 ገብቷል። ለመቀነስ መታገል ከጀመርኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ሻይ ያለ ስኳር ነው የምጠጣው፣ ምሳ ላይ እንጀራውን በግማሽ አድርጌዋለሁ፣ ጠዋት ጠዋት እስከ አዲሱ የዓባይ ድልድይ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። የቀነስኩት አንድ ኪሎ ብቻ ነው። ከሥራ ስወጣ ከጓደኞቼ ጋር ጣና ዳር አረፍ እንላለን፣ ሁለት ሦስት ቢራ እንጠጣለን፣ በሳምንት አራት ቀን ቢሆን ነው። ዓርብ ትንሽ ከፍ ይላል። ሰክሬ ቤቴ ገብቼ አላውቅም። ባለቤቴ ግን 'ይሄ ቦርጭ የቢራ ነው' ትለኛለች። እውነቷን ነው? ጨርሼ ሳልተው መቀነስ እችላለሁ? ጓደኞቼንስ ምን ልበላቸው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ በርታ። ስኳር መተውና በጠዋት ተነስቶ መሄድ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ወር የቆየህበትን ነገር እንዳትተወው።

ባለቤትህ እውነቷን ነው። ግን ሙሉው እውነት ያ አይደለም፣ ወደ እሱ እመጣለሁ።

«ሁለት ሦስት» ካልከው ልጀምር። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ስንት ትጠጣለህ ብዬ ስጠይቅ የምሰማው መልስ ይኸው ነው። «ሁለት ሦስት።» ሰዎቹ እየዋሹኝ አይደለም። ቆጥረውት አያውቁም፣ ነገሩ ይሄ ነው። ታናሽ ወንድሜም እንደዚሁ ነበር። አንድ ቀን «እስቲ የምትጠጣውን ቢራ ቆርኪ ሁሉ ኪስህ ክተተው» አልኩት። ዓርብ ማታ መጣና የጃኬቱን ኪስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ገለበጠው። ሰባት ቆርኪ። አንዱ ውስጡ ገና እርጥብ ነበር። በጣቱ እየገፋ ደጋግሞ ቆጠራቸው። አምስቱን አስታወሰ። ሁለቱን ማን እንዳዘዛቸው፣ መቼ እንደጠጣቸው ጭራሽ ትዝ አላለውም። እኔም አልተናገርኩትም፣ እሱም ምንም አላለኝም። ቆርኪዎቹን ግን አልጣላቸውም፣ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ከቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጣቸው።

አንተም እንደሱ አድርግ። ለአንድ ሳምንት ምንም ሳትቀንስ ቆርኪውን ብቻ ሰብስብ። ድራፍት ከሆነ ለእያንዳንዱ ጃምቦ አንድ ስቴኪኒ ኪስህ ክተት። ለማንም መንገር የለብህም። እሑድ ማታ ቁጭ ብለህ ቁጠር።

አሁን ሂሳቡን አብረን እንሥራው። አልኮል ራሱ ጉልበት ነው። 1 ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ይሰጣል፣ 1 ግራም ቅባት 9፣ 1 ግራም አልኮል ደግሞ 7። እንግዲህ ከስኳር ይልቅ ወደ ቅባት ይጠጋል። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ ከብቅሉ የሚመጣውም ተጨምሮ፣ 140 ካሎሪ ገደማ አለው። በሻይ ማንኪያ ስኳር ብትለካው ወደ 9 ማንኪያ ነው። ስኳሩ ቢራው ውስጥ አለ ማለቴ አይደለም፣ የጉልበቱን መጠን ነው የምልህ። ሦስቱን ቀን ሦስት ሦስት፣ ዓርብ ሰባት ብትጠጣ በሳምንት 16 ጠርሙስ ነው፣ 2,240 ካሎሪ። ከሻይህ ያወጣኸው ስኳርስ? በቀን ሦስት ብርጭቆ፣ በብርጭቆ ሁለት ማንኪያ ብንል፣ በሳምንት 670 ካሎሪ ገደማ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጠን ብለህ ስትሄድ ደግሞ ባንተ ኪሎ የምታቃጥለው ከ300 እስከ 350 ቢሆን ነው። ይህ ከሁለት ቢራ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ሰነፍ ስለሆንክ አይደለም ኪሎው አልነቃነቅ ያለህ። በጠዋት ያወጣኸውን በማታ ስለምትመልሰው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሰውነት አልኮልን እንደ ስብ ማጠራቀም አይችልም፣ እንደ መርዝ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ ጉበት ከሌላው ሥራ አስቀድሞ እሱን ያስወግዳል። አንዱን ቢራ ለመጨረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስድበታል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምረህ አራት ብትጠጣ ጉበትህ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ እሱ ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ሰዓት ስብ ማቃጠሉ ይቀዛቅዛል፣ አብረህ የበላኸውም ቅባት ወደ ማጠራቀሚያው ይሄዳል። የት ነው ማጠራቀሚያው? ወንዶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሆድ ነው።

ሙሉው እውነት ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ቢራ ብቻውን አይመጣም። የኛን ከተማ ምሽት ታውቀዋለህ። ሙቀቱ በረድ ይላል፣ ጀንበር ከሐይቁ ማዶ ትገባለች፣ ከጣና የሚመጣው ነፋስ ደስ ይላል፣ ማንም ሰው ተነስቶ ወደ ቤቱ መሄድ አይፈልግም። ከዚያ አንዱ «ትንሽ የሚቀመስ ነገር ይምጣ» ይላል። ዓሳው ይመጣል፣ እስከ አጥንቱ ተበጣጥቶ ዘይት ውስጥ የገባ፣ ጭራው ሳይቀር ክርችም እስኪል የተጠበሰ። ቀረሶ ዓሳ በራሱ ስቡ በጣም ትንሽ የሆነ ግሩም ምግብ ነው፣ ለሚቀንስ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ጥፋቱ የዘይቱ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው፣ እና ዓሳው የሚጠጣው አንድ ማንኪያ ብቻ አይደለም። አልኮል ደግሞ ምግብ ያስከጅላል። ምሳውን ጠግቦ የበላ ሰው እንኳ ሦስተኛው ቢራ ላይ ሲደርስ ጥብስ ያዛል። ቤት ስትገባ እራት ተቀምጦ ይጠብቅሃል፣ ባለቤትህ እንዳይከፋት ትበላለህ። ትተኛለህ። ቶሎ እንቅልፍ ይወስድሃል፣ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ትነቃለህ፣ አፍህ ደርቆ። አልኮል መጀመሪያ ያስተኛል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን እንቅልፍ ይቆራርጣል። ሳይተኛ ያደረ ሰው በማግስቱ ይርበዋል፣ በተለይ ጣፋጭና ቅባት ያምረዋል። ለዚህ ነው እንጀራ በግማሽ ያደረግክበት ምሳ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በሳምቡሳ የሚፈርሰው። ይህን አልጻፍክልኝም፣ ግን እገምታለሁ።

ስለዚህ መቀነስ ያለብህ ምሽቱን ነው። ቢራው ከእሱ ጋር ይቀንሳል።

እንዴት? ከአራቱ ቀን ሁለቱን አውጣቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ይሁኑ፣ ሌላም ይሁኑ፣ ግን ቀኑ የታወቀ ይሁን። «ዛሬ ደስ ካለኝ አልጠጣም» የሚባል ነገር አይሠራም፣ ከሥራ ደክሞህ ስትወጣ ደስ የሚልህ መጠጣቱ ነውና። በነዚያ ሁለት ቀናት ቤት አትቀመጥ። ብስክሌት ካለህ ከተማችን ለብስክሌት የተመቸች ናት፣ ሜዳ ናት፣ ያንኑ ጣና ዳር በብስክሌት ዙረው። የምትወደው ሐይቁን ይሁን ቢራውን ያን ጊዜ ይለይልሃል። በቀሩት ሁለት ቀናት ከመሄድህ በፊት ቤት ገብተህ ብላ። ሽሮም ይሁን፣ እንቁላልም ይሁን፣ ሆድህ ውስጥ ምግብ ይኑር። ምሳ ዘለው ለቢራው ቦታ ለመተው የሚሞክሩ ሰዎች አሉ፣ ይህ መጥፎ ስሌት ነው፤ በባዶ ሆድ የተጠጣ ቶሎ ጭንቅላት ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ቆጠራው ይጠፋል።

ስትቀመጥ መጀመሪያ አምቦ ውሃ እዘዝ፣ በሎሚ። የመጀመሪያዋ ቢራ ብዙ ጊዜ የጥማት ናት፣ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት። ጥማትህን በውሃ ከቆረጥክ በኋላ የምትጠጣት ቢራ ቀስ ብላ ነው የምታልቀው። አምቦ ምንም ካሎሪ የለውም። በየሁለቱ ቢራ መሃልም አስገባው። ዓሳ ካማረህ በሾርባ ወይም በጉላሽ እዘዝ፣ ዘይት እንዲቀንሱልህ ንገራቸው፣ ይሠሩልሃል። ደግሞ ቤትህ ፍሪጅ ውስጥ ቢራ አታስቀምጥ።

ስለ ጓደኞችህ። እኛ አገር መጋበዝ ክብር ነው፣ እምቢ ማለት ደግሞ ሰውየውን እንደ መናቅ ይቆጠራል። ብዙ ሰው ለማምለጥ «መድኃኒት ላይ ነኝ» ይላል። አልመክርህም፣ ሁለት ሳምንት ቢያስኬድህ ነው፣ ከዚያ «ምን አመመህ?» ይመጣል። ቀጥታ ንገራቸው። «ኪሎ እየቀነስኩ ነው፣ ዛሬ ሁለት ነው የምጠጣው።» ቁጥሩን ጥራው። «ትንሽ ነው የምጠጣው» ያለ ሰው ይለመናል፣ «ሁለት» ያለ ሰው አንድ ሁለቴ ይቀለድበታል፣ ከዚያ ይተዉታል። ዋናው ችግር ዙር ነው። አምስት ሆናችሁ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ዙር ካዘዛችሁ፣ ሳትፈልግ አምስት ነው። ከዙሩ ውጣ። «የኔን እኔ እከፍላለሁ» ስትል ቅር ካላቸው፣ «ጋብዙኝ፣ ግን አምቦ ይሁን» በላቸው። ከመካከላቸው አንዱን ቀድመህ ለብቻው ብታወራው ደግሞ ብዙ ይረዳሃል፤ ሁልጊዜም ከአምስት አንዱ ያንተው ሐሳብ በልቡ ያለ ሰው ነው።

ምን ያህል ልጠብቅ ካልከኝ፣ ከ16 ጠርሙስ ወደ 6 ብትወርድ በሳምንት 1,400 ካሎሪ ቀነስክ። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው። ከቢራው ብቻ በአምስት ሳምንት ተኩል አንድ ኪሎ ማለት ነው። ትንሽ መሰለህ? የማታውን ጥብስ ጨምርበት፣ የተስተካከለውን እንቅልፍ ጨምርበት፣ ጠዋት የምትሄደውም ያን ጊዜ መቆጠር ይጀምራል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው ቀን፣ ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ ተመዘን። በየቀኑ አትመዘን፣ ተስፋ ያስቆርጥሃል።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልንገርህ። ጨርሼ ሳልተው መቀነስ እችላለሁ ወይ ላልከው፣ ለኪሎ አዎ። ለጤና ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር «ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም» ብሎ በግልጽ ተናግሯል። ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ደግሞ በዚህ ኪሎና ዕድሜ ላይ ነህና የደም ግፊትህንና ስኳርህን ተለካ። አልኮል ግፊት ይጨምራል፣ ግፊት ደግሞ ሳያሳውቅ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ 26 ዓመቴ ነው። ቢራ ቦርጭ ያመጣል ስለሚባል ወደ ጂን ልዞር ነው። ልክ ነኝ?»

መልስ፦ አይደለህም። 40 ሚሊ ሊትር ጂን 90 ካሎሪ ገደማ አለው፣ ለብቻው ከታየ ከአንድ ቢራ ያንሳል። ግን ማን ነው ለብቻው የሚጠጣው? ስፕራይት ወይም ቶኒክ ስትጨምርበት ቢራውን አለፈው። ደግሞ ከጓደኛ ጋር ጠርሙስ ሲወርድ 40 ሚሊ የሚለካ ሰው የለም፣ በዓይን ነው የሚቀዳው። በአምቦና በሎሚ አንድ ጠጥተህ የምትነሳ ከሆነ ይሁን። ካልሆነ ባለህበት ሆነህ ቁጥሩን ቀንስ።

ጥያቄ፦ «ሲስተር ጤና ይስጥልኝ። ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ፣ ግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ ነው የምኖረው። ቢራ አልወድም። የምጠጣው ጠላ ብቻ ነው፣ እሱም ማኅበር ሲሆን፣ ዝክር ሲሆን፣ ሰርግ ሲሆን ነው። ሰው ሁሉ ጠላ ያወፍራል ስላለኝ ዐቢይ ጾምን 55ቱን ቀን አፌ ላይ አላደረግኩም። ለስላሳ ነበር የምጠጣው። ኪሎዬ ግን ከ78 ወደ 79 ወጣ። እንግዲህ ጠላ አያወፍርም ማለት አይደለም?»

መልስ፦ እህቴ፣ አያወፍርም ማለት አይደለም። ጠላውን ያወጣሽበትን ቦታ ለስላሳው ሞላው ማለት ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 8 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለው፣ 130 ካሎሪ ገደማ። ጠላ የምትጠጪው የማኅበር ቀን ነው፣ ለስላሳው ግን ሱቅ ውስጥ ሁልጊዜ አለ። ምናልባት በወር ስድስት ቀን የነበረው በሳምንት ስድስት ቀን ሆኗል። በጾም ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፣ ዘይት ነው። ፓስቲው፣ ሳምቡሳው፣ ቦምቦሊኖው ሁሉ የጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ የዋለ ሰው ደግሞ ሊበላ ሲቀመጥ እጁ ወደዚያ ነው የሚሄደው፣ አልፈርድበትም። ጾሙ ያደከመሽ መስሎሽ ይሆናል እንጂ በልተሽ ነው የወጣሽው። ይህን ስልሽ ጾምሽን እየነካሁ አይደለም። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ ዘይቱ ቢቀንስ ከጾም ምግብ የተሻለ የመቀነሻ ምግብ የለም።

አሁን ወደ ጠላው። ጠላ እህል ነው። ራስሽ የምትጠምቂ ከሆነ ታውቂዋለሽ፣ ብቅሉ አለ፣ እንኩሮው አለ፣ ጌሾው አለ። በብቅሉና በእንኩሮው ውስጥ ያለው ስኳር ነው ፈልቶ አልኮል የሚሆነው፣ ያልፈላው ደግሞ ስኳር እንደሆነ ይቀራል። ችግሩ ጥንካሬው እንደ ቤቱ መለያየቱ ነው። ቀጠን ያለው 2 በመቶ አልኮል ይኖረው ይሆናል፣ የተጣራው ወፍራሙ 6 በመቶም ይደርሳል። ስለዚህ የአንዷ ቤት ሁለት ብርጭቆ የሌላዋ ቤት አራት ነው። ግማሽ ሊትር 4 በመቶ ጠላ ውስጥ ያለው አልኮል ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ትንሽ ይበልጣል፣ ይህን ያዢ። ጠጅማ የባሰ ነው፣ ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርሌ 10 በመቶ ቢሆን ከአንድ ቢራ ተኩል ጋር እኩል አልኮል አለው፣ ማሩን ሳንቆጥር።

ግን ከጠላው ጥንካሬ ይልቅ የሚያስቸግረው አሰጣጡ ነው። ማኅበር ላይ ብርጭቆ አይጎድልም። አንድ ጊዜ ጎንጨት ስትዪ የድግሱ ባለቤት ከኋላሽ ቆማለች፣ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ። «በሞቴ፣ ትንሽ ልጨምርልሽ።» ስንት ብርጭቆ ጠጣሽ ብትባዪ መልስ የለሽም፣ ብርጭቆው አንድ ነውና። ለዚህ እኔ ራሴ የማደርገውን ልንገርሽ። የመጀመሪያውን ግማሽ እጠጣና ከዚያ እንዲሞሉልኝ እተዋለሁ፣ አመሰግናለሁ። የተሞላውን ግን አልነካውም። ጨዋታው ይቀጥላል፣ ቆሎው ይዞራል፣ ብርጭቆዬ ሙሉ ስለሆነ የሚጨምርልኝ የለም። ስነሳ አፌ አስነክቼ አስቀምጠዋለሁ። የድግሱ ባለቤትም አልተቀየመችም፣ እኔም ከዚያች ግማሽ ብዙም አላለፍኩም። ቅራሪ ካለ ደግሞ ቅራሪውን ጠይቂ፣ በጣም ቀላል ነው። ብርዝ ግን እንዳያታልልሽ፣ አልኮል ባይኖረውም ማር ነው።

ጠላ ለልጆች መስጠት በየድግሱ አያለሁ፣ እባካችሁ ይቅር። እርጉዝ የሆነችም ምንም አትቅመስ፣ ጠላም ቢሆን፣ ቅራሪም ቢሆን።

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ እባክሽ ቶሎ መልሺልኝ። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ለብዙ ዓመት ጠዋት ከቤት ሳይወጡ አረቄ ይጠጣሉ፣ ማታም እንዲሁ። ስኳር አለባቸው፣ ክኒን ይወስዳሉ። ሐኪም ኪሎ ቀንሱ፣ መጠጥ ተው ብሏቸዋል። እሳቸው ግን 'አረቄ ስብ ያቃጥላል' ይላሉ። እኛ ልጆቻቸው ተመካክረን ትናንት ጠዋት ጠርሙሱን ሁሉ ደበቅንባቸው። ዛሬ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ያልባቸዋል፣ ሌሊቱን አልተኙም፣ ይበሳጫሉ። መርዙ እየወጣላቸው ነው አይደል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ደውዬልሻለሁ፣ አባትሽም በዚያው ቀን ታይተዋል። እዚህ የምጽፈው ለሌሎቹ ነው።

ይህ መርዝ መውጣት አይደለም። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው አንጎሉ ከአልኮሉ ጋር ተስማምቶ ነው የሚሠራው። በአንድ ጊዜ ሲቋረጥበት ይናወጣል። መጀመሪያ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደ የሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አንዳንዱ ሰው መቃዠት ይጀምራል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያለበትን ቦታ ይስታል፣ ትኩሳት ይይዘዋል። ይህ ይገድላል። ሰዎች በጥሩ ሐሳብ፣ በፍቅር፣ ጠርሙስ ደብቀው አባታቸውን አጥተዋል። ስለዚህ በየቀኑ የሚጠጣ፣ በተለይ ጠዋት ካልጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ በድንገት አታቋርጡት። መጀመሪያ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። እዚያ የሚያረጋጋ መድኃኒት አለ፣ መጠኑን እየቀነሱ በቀናት ውስጥ ያወጡታል፤ ቫይታሚን ቢ 1ም ይሰጡታል፣ ብዙ የጠጣ ሰው ይህ ቫይታሚን ስለሚያልቅበት ነው፣ ካልተተካ አንጎልን ይጎዳል። መንቀጥቀጡ ከጀመረ ደግሞ ነገ አትበሉ፣ በዚያው ሰዓት ሂዱ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ስኳር ያለበት ሰው ላይ ሌላ አደጋም አለ። ምግብ ሳይበላ አረቄ የጠጣ፣ በዚያ ላይ ስኳር የሚያወርድ ክኒን ወይም ኢንሱሊን የወሰደ ሰው፣ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድበት ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መዘባረቅ ይታይበታል። ሰው «ሰክሯል» ብሎ ይተወዋል፣ ያስተኛዋል፣ አይነሳም። ጠረኑ አረቄ ስለሆነ ብቻ ሰክሯል አትበሉ። ከነቃና መዋጥ ከቻለ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ስጡትና ወደ ሐኪም ሩጡ። መዋጥ ካልቻለ በአፉ ምንም አትስጡ፣ ዝም ብላችሁ ውሰዱት።

«ስብ ያቃጥላል» የሚለው በየአረቄ ቤቱ የሚነገር ነው፣ ጥሬ ሥጋ ከተበላ በኋላም ይባላል። ጉሮሮ ላይ ያቃጥላል፣ ስብ ግን አያቃጥልም። 45 በመቶ የሚደርስ ዳግም አረቄ አለ፣ ከእሱ አንዷ መለኪያ 40 ሚሊ ሊትር ብትይዝ 100 ካሎሪ ገደማ ናት። ጠዋት ሦስት፣ ማታ ሦስት የሚጠጣ ሰው 600 ካሎሪ ከአረቄ ብቻ ያገኛል። ስለዚህ ነው አባትሽ «ምግብ አልበላም» እያሉ ሆዳቸው የማይቀንሰው። ስለ ኪሎው ግን አሁን አታስቢ። መጀመሪያ ከአረቄው በሰላም ይውጡ፣ ክኒናቸውን ከምግብ ጋር በሰዓቱ ይውሰዱ። ኪሎው ከዚያ በኋላ ይታያል።

አንድ የምለምንሽ ነገር አለ። አትጩሁባቸው፣ በሰው ፊት ጠርሙስ አታፍስሱባቸው። በስልክ ስናወራ ከኋላሽ «ማን ነው?» ሲሉ ድምፃቸውን ሰምቻለሁ፣ አፍረዋል። ጠዋት ጠዋት አረቄውን ይጠጡ በነበረበት ሰዓት አንዳችሁ ከእሳቸው ጋር ተቀመጡ፣ ቡና ይፈላ፣ ያ ሰዓት ባዶ እንዳይሆንባቸው። ለቀጠሯቸው ሲሄዱ አብረሻቸው ግቢ፣ የሚጠጡትን መጠን ሳትቀንሺ ሳትጨምሪ ለሐኪሙ ንገሪ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት እደውልልሻለሁ፣ ስልክሽ ክፍት ይሁን።